ጁማ የሰማው ጩኸት

ወንድሜ ጁማ ትልቅ የሚባል ውድድር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያንን ቀን ሰው ሲያነሣበት ብድግ ብሎ ከቤት ይወጣል። የማያውቀው ሰው ትሕትና ይመስለዋል። እኔ እህቱ ረሒማ ግን ትሕትና እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ነገሩን እንደሆነው ልናገር።

አባታችን ኢንድሪስ የወሎ ሰው ነበሩ። በፌዴሬሽኑ ጊዜ የጭነት ማኪና ረዳት ሆነው አስመራ ገቡና በዚያው ቀሩ። ጁማ በእናቴ በመሪማ ጀርባ ታዝሎ ነው የመጣው፤ እኔ እዚያው ተወለድኩ። ጎዳይፍ ውስጥ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ፣ ፌርማታው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሻሂ ቤት ነበረችን። በቤት አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ትግርኛ እያወራን አደግን። አባቴ ግን ትግርኛቸው እስከ መጨረሻው አልተቃናም፤ ለሰፈሩ ሰው ሁልጊዜ «እቲ ወሎየ» ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አገሩ ጠቅላይ ግዛት ከተባለ በኋላማ አማርኛ የሚናገረውን ሁሉ የመንግሥት ሰው አድርጎ የሚያይ በዛ። ሰው ሻሂውን ጠጥቶ ሳይጫወት ይሄድ ጀመር። አባቴ መንግሥትን ከሩቅ የሚፈሩ ሻሂ ሻጭ እንጂ ሌላ አልነበሩም፤ ግን ይህን ለማን ይነግሩታል?

ጁማ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው በተዋሰው ብስክሌት የልጆች ውድድር አሸነፈ። በማግስቱ ሻሂ ቤታችን ሞላ። በመንገድ ሲያልፉ ሰላምታ የማይሰጡን ሰዎች ሳይቀሩ ገብተው «ኣቦ ጁማ! እንኳን ደስ ያለህ!» አሏቸው። አባቴ ብርጭቆ እያጠቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጁማ እግር የጁማ ብቻ መሆኑ ቀረ።

እውነት ለመናገር ልጁ ተሰጥኦ ነበረው። መሬት ላይ ትከሻው የጎበጠ፣ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው። ኮርቻ ላይ ሲወጣ ከወገቡ በላይ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ዳገት ላይ ሌላው አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ እሱ በአፍንጫው እየተነፈሰ ያፏጫል። አባቴ የኪስ ሰዓት ገዙ። ጁማ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተነሥቶ ወደ ደቀምሓረ ይወጣል፤ ሲመለስ አባቴ ደጁ ላይ ሰዓታቸውን ይዘው ይጠብቁታል። የገባበትን ሰዓት በበሩ ጀርባ በጠመኔ ይጽፉታል። ካለፈው ሳምንት ከዘገየ ምሳ በዝምታ ይበላል፤ ከፈጠነ ደግሞ «ነገ ሁለት ደቂቃ ቀንስ» ይባላል። ኳስ እግር ይሰብራል ተብሎ ተከለከለ። ሲኒማ ዓይን ያደክማል፣ ጓደኛ ልብ ይከፍላል ተባለ። ጠዋት ጠዋት ጥሬ እንቁላል በወተት እየተመታ ይሰጠዋል፤ ሽታው እስከ ዛሬ አይለቀኝም። ሻሂ ቤቱን የሚያግዝ ሲጠፋ ደግሞ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ የጁማ ልምምድ ነዋ!

አንድ ቀን ጁማ እንዲህ አለኝ፦ «ረሒማ፣ ብስክሌቱን እኮ እወደዋለሁ። የምጠላው ሰዓቱን ነው።»

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ይህን ጥላቻውን አገር እንዲያየው አደረገ። በከተማው ዋና ጎዳና ላይ የወጣቶች ውድድር ነበር። ጁማ ብቻውን ቀድሞ መጣ፤ ሁለተኛው ገና በዓይን አይታይም። አባቴ መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓታቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። መስመሩ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ጁማ ፍሬን ያዘ። ወረደ። ብስክሌቱን ከዘንባባው ግንድ ጋር አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ቀስ እያለ ፈትቶ ያስር ጀመር። ሕዝቡ መጀመሪያ ተደናገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ጓደኛው በራኺ ደርሶ እየሳቀና እየተሳደበ አለፈው። ከዚያ ጁማ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ፣ በእግሩ ተራምዶ፣ ሁለተኛ ገባ።

አባቴ ያን ዕለት በቀበቶ ገረፉት። ጁማ አላለቀሰም። «መስመሩን አልፌያለሁ እኮ፣ አባ» አለ ብቻ። አባቴ ቀበቶውን ጥለው፣ «የሳቁት በአንተ መሰለህ? በእኔ ነው የሳቁት» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ያንን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ጁማ በሩን ዘግቶ ወጥቷል።

በራኺ ጸጸራት የሚባለው ሰፈር ልጅ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ የሚኖረው ከእናቱ ከወይዘሮ ኣልማዝ ጋር ነው። እንደ ጁማ የተፈጥሮ ጉልበት አልነበረውም፤ ያለው ትዕግሥት ነው። ጁማ ሲበር እሱ ይከተላል፤ ጁማ ሲሰለቸው እሱ አይሰለቸውም። ጁማ ልምምድ ላይ ነኝ እያለ ጸጸራት ሄዶ ከእነሱ ጋር ሲስቅ ይውል ነበር። ወይዘሮ ኣልማዝ ሰዓት አትጠይቀውም፤ «በላህ?» ብቻ ነው የምትለው።

ስድሳ ዓመተ ምሕረት ገባ። ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ ብስክሌተኞች ሊመረጡ ነው ተባለ። በሚያዝያ ከምጽዋ እስከ አስመራ ውድድር ይደረግና መጀመሪያ የሚገቡት ሁለቱ አዲስ አበባ ሄደው ይሠለጥናሉ። የቡድኑ ኃላፊ መምህር ገረዝጊሄር ገና ሳይጀመር «ሁለቱማ ይታወቃሉ፣ ጁማና በራኺ ናቸው» ይል ነበር። ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ነው!

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጁማ ከቤታችን ጀርባ ተቀምጦ የተቀደደ ካላማዳሪያ ሲለጥፍ፣ እኔ ብርጭቆ ሳጥብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። «ከአዲስ አበባ አልመለስም። የበራኺ አጎት እዚያ ጋራዥ አለው፤ ሁለታችንንም ያስገባናል። እሽቅድምድሙ ላይ እንደልባችን፣ ስንፈልግ እንገባለን። ለእማ አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ ከሄድኩ በኋላ። ማይልኝ።»

ማልኩለት።

በሐሙስ ቀን ለአባቴ ነገርኳቸው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ማንም አላስገደደኝም። አባቴ ሻሂ እየቀዱ «ያ ልጅ ዛሬም ዘገየ» ሲሉ፣ «የሚዘገየው ሊሄድ ስለሆነ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ከጀመርኩ በኋላ ሁሉም ወጣ። እሱ ሄዶ እኔ ከብርጭቆው፣ ከጠመኔውና ከአባቴ ዝምታ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ቅናትም ነበረበት፤ አልዋሽም። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁለት ልጅ እንዴት እንዲህ በቀላሉ ይወጣል?

አባቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ፤ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ወደ ጸጸራት ሄዱ። ጁማ እዚያው ነበር። ኋላ ከወይዘሮ ኣልማዝ አፍ እንደሰማሁት፣ አባቴ ደጇ ላይ ቆመው ጎረቤት እስኪወጣ ጮኹ። «ልጄን ልትሰርቁኝ ነው? ያንን ልጅሽን ከልጄ አርቂልኝ! የራሱ እግር አልችል ስላለው የልጄን ሊሰብር ነው!»

ወይዘሮ ኣልማዝ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛ ነበር። «ኣቦይ ኢንድሪስ» አለቻቸው፣ «መጀመሪያ ይግቡና ሻሂ ይጠጡ። ስድቡ ይደርሳል።»

አባቴ አልገቡም። ጁማን ኮሌታውን ይዘው ጎትተው አወጡት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከእሳቸው በአንድ ራስ ይረዝማል። በጎረቤቱ ሁሉ ፊት እየተጎተተ ሄደ። መንገድ ላይ ሲደርሱ ኮሌታውን አስለቀቀና እንዲህ አላቸው፦ «አባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእጅዎ ውሃ እንኳ አልቀበልም። ወላሂ!»

እሳቸው የልጅ ቁጣ ነው ብለው ተዉት። ብስክሌቱን ጓዳ ቆልፈው፣ ለልምምድ ብቻ እየከፈቱ ይሰጡት ጀመር። ጁማ ማን እንደተናገረ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ መምህር ገረዝጊሄርን ጠረጠረ፤ በራኺ ስለ ጋራዡ አማክሮት ነበርና። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረኝም። ማታ እራት ሳቀርብለት «የቐንየለይ፣ ረሒማ» ብሎ ሲያመሰግነኝ ሰሃኑን አስቀምጬ ቶሎ እወጣ ነበር።

የውድድሩ ቀን እሑድ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ቅዳሜ በጭነት ማኪና ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ እሑድ ገና ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሡ። አባቴ ደግሞ በጠዋቱ ሊቶሪና፣ ማለትም ሰው በምታመላልሰው በትንሿ ባቡር፣ ነፋሲት ድረስ ወረዱ። ሁለት ኮዳ ይዘዋል፤ ውሃ በሎሚና በስኳር፣ እንዲቀዘቅዝ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ከነፋሲት በላይ ዳገቱ የሚከብድበትን ኩርባ መርጠው ቆሙ። እናቴና እኔ አስመራ መጨረሻው መስመር ላይ እንጠብቃለን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ራሱ ጁማ ነው የነገረኝ።

ጊንዳዕን ሲያልፉ ከፊት አምስት ሰዎች ቀርተው ነበር፤ ነፋሲት ሲደርሱ ሁለት፦ ጁማ ከፊት፣ በራኺ ሠላሳ ሜትር ያህል ከኋላ። ጁማ ውሃው አልቋል፤ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። ኩርባው ላይ አባቴን አያቸው። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ኮዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱ ዳር ቆመዋል። ሲያዩት መሮጥ ጀመሩ። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ በሸበጥ፣ ከብስክሌቱ ጎን ጎን እየሮጡ «ጁማ! እንካ! ጠጣ! ሰዓትህ ጥሩ ነው፣ ጠጣ!» ይላሉ።

«‹ጠጣ› ብቻ ቢሉኝ ኖሮ እቀበል ነበር ይመስለኛል» አለኝ ጁማ። «‹ሰዓትህ› ሲሉኝ ደሜ ፈላ።»

ኮዳውን በክርኑ መታው። ኮዳው ከእጃቸው ወጥቶ መንገዱ መሐል ተንከባለለ። አባቴ ሊያነሡ ወደ መሐል ገቡ። ውድድሩን ከኋላ የሚከተል ሞተር ሳይክል ኩርባውን ዞሮ መጣ፤ ነጂው ፍሬን ቢይዝም አልቆመለትም። ጁማ የጎማውን መንሸራተት ሰማ። ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰማ፤ ቃል አልነበረውም። ከዚያ ደግሞ በራኺ በሙሉ ጉሮሮው «ጁማ! ኣቦኻ! ኣቦኻ ወዲቑ!» ብሎ ሲጮህ ሰማ። አባትህ ወደቀ ማለቱ ነው።

ጁማ ዞሮ አላየም።

«በመጀመሪያው ኩርባ፣ አሁን እመለሳለሁ አልኩ» አለኝ። «ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። ከዚያ፣ እሳቸው እኮ ያሉኝ እንዳልቆም ነው፣ ይኸው አልቆምኩም አልኩ። በራኺ አለመከተሉን ሳይ ነገሩ ከባድ እንደሆነ አወቅሁ። አወቅሁ፣ ረሒማ። ግን እግሬ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። ያን አንድ ሰዓት እንደዚያ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም። የማልረሳው እሱን ነው።»

በራኺ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ብስክሌቱን መንገድ ዳር ጥሎ፣ አባቴን ከሞተሩ ሥር አወጣቸው። ማልያውን አውልቆ ዳሌያቸውን አሰረ። ማኪና እስኪገኝ ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። አንድ ተወዳዳሪ አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ዐሥራ ሦስት ሰው ሲያልፍ ቆጥሬአለሁ ብሎ ኋላ እየሳቀ ነገረኝ። አባቴን የሚወስድ ማኪና ሲገኝ ተነሥቶ፣ ያለ ማልያ፣ በደም በጨቀየ እጁ ዳገቱን ጨረሰው።

ጁማ ከሁለተኛው በስድስት ደቂቃ ቀድሞ ገባ። ሕዝቡ ከብስክሌቱ አንሥቶ ተሸከመው። እኔ እየዘለልኩ እልል አልኩ፤ እናቴ አለቀሰች። ፊቱን አየሁት፤ ድካም መሰለኝ። መምህር ገረዝጊሄር ሕዝቡን ገፍቶ መጥቶ «ጁማ፣ አባትህ ተጎድተዋል» ሲለው ጁማ የት እንደሆነ አልጠየቀም፣ እንዴት እንደሆነም አልጠየቀም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሆስፒታል ስንደርስ አባቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ በጀርባቸው ተኝተዋል። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። ጁማን ሲያዩ መጀመሪያ የተናገሩት፣ «በስንት ገባህ?» የሚል ነው።

መምህር ገረዝጊሄር «በአራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ፣ አንደኛ!» አለላቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በሁለቱም በኩል እንባ ወረደ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለው፣ «ስወድቅ ሰምተህ ብትቆም ኖሮ አልምርህም ነበር» አሉት።

በራኺ አልጋው እግርጌ ቆሟል፤ ሰው ካፖርት ደርቦለታል። ጁማና እሱ ተያዩ። «ነፋሱ ብርቱ ነበር፣ ኣቦይ ኢንድሪስ» አለ በራኺ። «ጁማ አልሰማም። ሓቂ፣ አልሰማም።»

ጁማ ወደ መሬት አየ።

ምርጫው ሲወጣ ጁማና አንድ የከረን ልጅ ሆኑ። በራኺ ዐሥራ አምስተኛ ነው የገባው። ጁማ መምህር ገረዝጊሄር ዘንድ ሄዶ «ቦታዬን ለበራኺ ስጡልኝ» አለ። ገረዝጊሄር መነጽሩን አውልቆ አየው። «ይሄ የአውቶቡስ ወንበር ነው እንዴ ለጓደኛህ የምትለቅለት? ውጤት ነው፤ ተጽፎ ሄዷል። አርፈህ ሂድ።»

የመሄጃቸው ቀን አውቶቡሱ በጎዳይፍ ስለሚያልፍ ጁማን ከደጃችን ሊወስደው ነበር። አባቴ ከሆስፒታል ወጥተው በክራንች መሄድ ጀምረዋል። ፌርማታው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ አዲስ ኮት ለብሰው ተቀመጡ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ጁማ ጠዋት «ለበራኺ ደህና ሁን ብዬ እመጣለሁ» ብሎ ወጥቷል። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። መምህር ገረዝጊሄር ወርዶ ሰዓቱን አየ፤ ዐሥር ደቂቃ ጠበቀ፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሰው እርስ በርሱ መንሾካሾክ ጀመረ። አባቴ «ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» ይላሉ። አውቶቡሱ ሄደ። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። አባቴ ግን ወንበሩ ላይ እስከ ዝሁር ሶላት ድረስ ወደ ከተማው እያዩ ቀሩ። ግቡ ለማለት ድፍረት አጣሁ። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ እያልኩ በመስኮት አየኋቸው።

ጁማ ጸጸራት ነበር። «አልሄድኩም» ሲለው በራኺ ይደሰታል ብሎ አስቧል መሰለኝ። በራኺ ግን ተነሥቶ ደረቱን ገፈተረው።

«ለእኔ ብለህ ነው? ማን ጠየቀህ? እኔ የቆምኩት ሰው ስለወደቀ ነው፤ አንተ ከሜክሲኮ እንድትቀር አይደለም! አንተ ብትሄድ አንዳችን ሄድን እል ነበር። አሁን ማናችን ሄድን?»

«ቦታው የአንተ ነበር፣ በራኺ።»

«እወ፣ የእኔ ነበር። አሁን የማንም አይደለም። ኪድ፣ ካብ ዓይነይ ጥፋእ!»

ከዓይኔ ጥፋ ብሎ አባረረው። ከሁለት ወር በኋላ ታረቁ፣ ግን አብረው ሲስቁ አላየሁም።

ቤታችን ውስጥ የሆነው ደግሞ ከቁጣ የባሰ ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ደንበኛ «ልጅህ ለምን ቀረ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ብርጭቆውን አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «አባቴን በክራንች ጥዬ አልሄድም አለ። ሜክሲኮን ለእኔ ዳሌ ሰዋው።» ሰውየው «ይባረክ» አለ። በማግስቱ ለሌላ ሰው ነገሩት። እያደር ታሪኩ አማረ፦ ጁማ በነፋሱ ምክንያት ሳይሰማ አሸነፈ፤ ሲሰማ ግን ክብሩን ሁሉ ትቶ አባቱን መረጠ። ጁማ በእሳቸው ፈንታ ሻሂ ሲያቀርብ ሰዎች ጭንቅላቱን ይስሙታል። ብስክሌቱን ሸጠው። የበሩን ጀርባ ግን እናቴ እንኳ እንድታጥበው አባቴ አልፈቀዱም።

ለእኔ የነገረኝ በዚያ ክረምት ነው፤ ሁሉንም፣ ደስታውን ሳይቀር። ያኔ እኔም የራሴን መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ፣ «አይዞህ» አልኩት። ያ ብቻ ነው የወጣኝ።

በዓመቱ ለአባታችን ሊነግራቸው ቆረጠ። አስር ሶላት ደርሶ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ እግራቸውን የሚያጥባቸው ጁማ ነው። ማሰሮውን ይዞ ተንበርክኳል። እኔ በር ላይ ነኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ነፋስ አልነበረም።»

«ነበረ» አሉ። «በራኺ ነግሮኛል።»

«በራኺ ለእኔ ብሎ ነው። ሰምቼዎታለሁ። ኮዳውንም የመታሁት አውቄ ነው። ሲወድቁ ሰምቼ ነው የሄድኩት።»

አባቴ እግራቸውን ሳይመልሱ «አፍስስ» አሉት፤ «ሶላት ሊያልፈኝ ነው።» አፈሰሰ። ሰግደው ሲጨርሱ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ጠሩት። «ይህን ነገር ለሰው እንዳትናገር። ለእኔም ዳግመኛ አትንገረኝ። አልሰማህም። ነፋስ ነበረ። እኔ በዚህ አገር የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱን አትውሰድብኝ።»

ጁማ ሊቆጡት፣ ሊረግሙት፣ ወይም ይቅር ሊሉት ተዘጋጅቶ ነበር። ይኼኛውን አላሰበውም። በማግስቱ አባቴ ለደንበኛ ታሪኩን ሲጀምሩ ጁማ ትሪውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ሲነሣ መውጣት የጀመረው።

በስድሳ ሦስት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣበት ሰሞን፣ በራኺ ከተማውን ጥሎ ወጣ። የት እንደሄደ ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም። ወታደሮች ጸጸራት ሄደው ወይዘሮ ኣልማዝን ጠየቋት፤ ቤቷን በርብረው ሄዱ። የሰፈሩ ሰው ደጇን መርገጥ ፈራ። ጁማ ግን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይሄድላታል፤ እህሏን ወፍጮ ቤት ያደርሳል፣ ቆርቆሮዋን ይመታል። አማርኛ ተናጋሪ መሆኑ በሁለት በኩል ያስጠረጥረዋል፤ አልተወም። አንድ ጊዜ አብሬው ሄድኩ። ወይዘሮ ኣልማዝ «በላሽ?» አለችኝ፣ ልክ እንደ ድሮው። ስንበላ ስለዚያ ሐሙስ አነሣች። «አባታችሁ ደጄ ቆመው ሲጮኹ፣ ማን ነገራቸው ብዬ ነበር» አለች። «በራኺ ገረዝጊሄር አይደለም ብሎ ምሎልኛል።» ጁማ መብላቱን ቀጠለ። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

አባቴ በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሞቱ። ቀባሪው ብዙ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የትግርኛውም የአማርኛውም ሰው መጣ። ሰው ሁሉ «ያ ሜክሲኮን የተወላቸው ልጅ» እያለ ጁማን አቀፈው። ጁማ ያኔ ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፣ ከሩቅ ሲታይ ግን አርባ የሞላው ይመስላል።

ሰደቃው ካለፈ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ወንበሮቹን ለጎረቤት ልንመልስ ስናወጣ ነገርኩት። ወንበር በእጄ እንደያዝኩ። «ለአባ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት። «ጋራዡን። ገረዝጊሄር አይደለም። እኔ ነኝ።»

እሱም የያዘውን ወንበር መሬት ላይ አስቀመጠ። «ለምን?»

«ብቻዬን ልትተወኝ ስለነበረ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እንዲቆጣ ፈልጌም ነበር። «እሺ» አለ። ወንበሩን መልሶ አነሣና ወደ ጎረቤት ይዞ ሄደ፤ ሲመለስ ሁለቱን ደርቦ አነሣ፣ አንዱን ለእኔ ተወልኝ። በማግስቱ እንደ ወትሮው ሻሂ ቀዳሁለት፣ ጠጣ፣ አመሰገነኝ። ሲያገባ ግን ከእናቴ ነው የሰማሁት። ከአስመራ እንድንወጣ ሲወስንም እንዲሁ። ለእኔ ጨዋ ነው፤ ሲያመኝ ይመጣል፣ ልጆቼን ይወዳል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም።